የጋሽ እንድሪስ ጆሮ

ባለ ሚኒባሱ ሰይድ ሲደውልልኝ ወልዲያ መናኸሪያ አጠገብ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ከሻጩ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር። «ጋሽ እንድሪስ አኺራ ሄዱ» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው ሻጩን እዚያው አፉን እንደከፈተ ትቼ፣ ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ ወደ መርሳ መብረሬን ነው። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ ካልፈጠንኩ አፈር ሊቀድመኝ ነው።

የቸኮልኩት ለመቅበር ብቻ አልነበረም። አገር ሁሉ በተሰበሰበበት ልናገረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ከርሜያለሁ። መርሳ ላይ «ጆሯቸው የሳተ መካኒክ» ተብለው የታሙት በእኔ ጥፋት ነው። እሳቸው ይህን እያወቁ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ። እንግዲህ የሳቸውን ነገር ስጽፍ ራሴን አሳምሬ እንደማልጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ጋራዣቸው መርሳ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ነበር። እኔ እዚያው ግቢ አንዷን ጥግ ይዤ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል። ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ፣ ነጭ ቆባቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ የዘይት ጠብታ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። እጃቸውን አሥር ጊዜ ይታጠባሉ፤ ቆቡን ግን ረስተው በዚያው እጅ ያስተካክሉታል። እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎ የምናገር ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ ለመናገር ሲዘገዩ ሰውን በላብ ያጠምቁታል።

አባታቸው አበጋር ነበሩ። አበጋር እኛ ወሎ ደም የተቃባ ሳይቀር የሚያስታርቁ አባት ናቸው፤ ሁሉንም ወገን ሳይሰሙ ቃል አይወጣቸውም። ጋሽ እንድሪስ ይህንን ከአባታቸው ወርሰው ለብረት አዋሉት። በተለይ የሞተሩን ሆድ ዕቃ አስማምቶ የሚያሽከረክረው የታይሚንግ ችንጋ የሚቀየርለት መኪና ሲመጣ ጋራዡ የሽማግሌ ሸንጎ ይመስል ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። አሮጌውን ችንጋ ያወጡና ያስቀምጡታል። ቀጥሎ ችንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ኦይል ሲሎች ይደረድራሉ። ከዚያ ባለመኪናውን ጠርተው ከጎናቸው ያስቀምጡታል።

«ችንጋው ብቻውን አልሮጠም» ይላሉ። «አብሮ የሮጠ ሁሉ ቃሉን ይስጥ።»

ሲሉን በጥፍራቸው ይጫኑታል፤ እንደ ቆዳ ከደረቀ «አርጅቷል» ብለው ወደ ግራ ያደርጉታል። የፓምፑን ዘንግ ይዘው ወዲህ ወዲያ ይነቀንቁታል። ኩሽኔታው ጋ ሲደርሱ ግን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ራዲዮ ይዘጋል፤ የሚቀጠቅጥ መዶሻውን ያስቀምጣል። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው ኩሽኔታውን ከቀኝ ጆሯቸው ሥር በጣታቸው ያሽከረክሩታል። ሲጨርሱ አንድ ቃል ነው የሚወጣቸው። «ይናገራል» ካሉ ወደ ግራ፣ ወደሚጣለው ነው። «ዝም ብሏል» ካሉ ይመለሳል። ባለመኪናውንም እንዲሁ ጆሮው ሥር አስይዘው ያሰሙታል፤ «ነገ መንገድ ላይ የምትሆነው አንተ ነህ» ይሉታል።

አንዴ አንድ የሐራ ሹፌር ችንጋ ብቻ ገዝቶ መጥቶ «ሌላውን ተውልኝ፣ ገና ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ እንድሪስ ኩሽኔታውን አሰሙት፤ እንደ ክረምት እንቁራሪት ይንጫጫል። ሰውየው አሁንም እምቢ አለ።

«አየህ ልጄ» አሉት፣ «አዲስ ችንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማለት ኮረዳን ለሽማግሌ መዳር ነው። ቀድሞ የሚሞተው ሽማግሌው ነው፤ ጉዱ የሚወድቀው ግን እሷ ላይ ነው።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ሰውየው ተናዶ መኪናውን አስጎትቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታውን ገዝቶ ተመለሰ፤ ጋሽ እንድሪስ አንድም ነገር ሳይሉት ጨርቃቸውን አነጠፉ። እንደዚህ ያለውን ሰው እኔ ብሆን ሳምንት አሾፍበት ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ጋሽ እንድሪስ ለመውሊድ ሄደው ግቢው ለኔ ብቻ በቀረበት ሳምንት የሰይድ ሚኒባስ መጣች። ያኔ የሚነዳት ወንድሙ ነበር፤ አሁን ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ሞተሯ ፊት ለፊት ትጮሃለች። ከፍቼ ሳየው ያ ወጣሪ ኩሽኔታ ነው። አዲስ ኩሽኔታ ወልዲያም የለም፣ መርሳም የለም። እኛ አገር ደግሞ የሚታጠብ ነገር አይጣልም። የኩሽኔታውን የጎን ክዳን በመርፌ ፈልቅቄ ከፈትኩ፤ በናፍጣ አጠብኩት፤ ለጎማ እግር የምንጠቀምበትን ቀይ ግሪስ ጠቅጥቄ ሞላሁትና ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ጩኸቱ ጠፋ። የሰይድ ወንድም እጄን ሊስም ምንም አልቀረውም። እኔም ከኤሌክትሪክ አልፌ መካኒክ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ለጋሽ እንድሪስ ግን አልነገርኳቸውም።

ከሰባት ወር በኋላ ችንጋዋ ሊቀየርላት ያቺው ሚኒባስ መጣች፤ አሁን የሚነዳት ሰይድ ራሱ ነው። ጋሽ እንድሪስ ሞተሯን ከፈቱ። ችንጋው፣ ፓምፑና ሲሎቹ ከደሴ ደረሱ። ኩሽኔታውም መጣ፤ ግን ልኩ አይደለም፣ አይገባም። «ትክክለኛው ነገ ይመጣል፣ እንጠብቃለን» አሉ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ግቢው በለቅሶ ተሞላ። እትዬ ዘውዴ መርሳ ያገባች የደጋ ልጅ ናት፤ ከድልብ ዳገት በላይ የሚኖሩት አባቷ ሌሊት አርፈው ነበር። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጎረቤቶቿ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሊያደርሷት ተነሥተዋል። ያን ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ወልዲያ ሰልፍ ላይ ነው። ናፍጣ የሞላች ሚኒባስ ያቺው ሆዷ የተከፈተው የሰይድ ሚኒባስ ብቻ ነበረች።

«ጋሽ እንድሪስ» አለች እትዬ ዘውዴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ «አባቴ ሌላ ልጅ የለውም። ሳልደርስ አፈር እንዳታለብሱት ብዬ ልኬያለሁ። በአላህ ይሁንብዎ።»

«ልጄ፣ ኩሽኔታው አሮጌ ነው። መንገዱ ድልብ ነው።»

«አሮጌውን ይመልሱት! እስከዛሬ በሱ አይደል ስትሄድ የኖረች?»

ሰዉም ከዳር እስከ ዳር ተቀበላት። ጋሽ እንድሪስ የተደረደረውን ዕቃ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ «እሺ፣ እንስማው» አሉና ኩሽኔታውን ከነጩ ጨርቅ ላይ አነሡ። «ለአንድ አፍታ ዝም በሉልኝ።» እትዬ ዘውዴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ግቢው ጭጭ አለ።

አሽከረከሩት። ደግመው አሽከረከሩት። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ዝም ብሏል» አሉ፤ «በዚህ ዕድሜው?» ወደኔ ዘወር አሉ። «ጌታሁን፣ እስቲ አንተም ስማው።»

ሰጡኝ። ጆሮዬ ሥር አድርጌ አሽከረከርኩት። ያ ወፍራም ግሪስ የብረቱን አፍ እንደዘጋው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነቱን ልናገር፦ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ኩራት ነው። የአገሩን ትልቅ ጆሮ አታልያለሁ። ደግሞም ሰባት ወር የሠራ ነገር ዛሬ ምን ይሆናል?

«ዝም ብሏል ጋሼ» አልኩ።

መለሱት። አዲሱን ችንጋ ወጠሩበት። አምስት ሰዓት ላይ ሚኒባሷ አሥራ አራት ሰው ጭና ወጣች።

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ሊታጠቡ በርሜሉ ጋ ቁጭ አሉ። እኔ ሽቦዬን እየጠቀለልኩ ነው። የውሃው ድምፅ ቆመ። ቀና ስል አውራ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው እያዩት ነው።

«ያ ኩሽኔታ ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው» አሉ ቀስ ብለው። «ቅባቱ ወደ ውጭ አይወጣም። ታዲያ ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

ቀዩ ግሪሴ ከነቆርቆሮው የኔ ጥግ በር ሥር ተቀምጧል። እሱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «ከፍቼ አጥቤዋለሁ። ለመውሊድ የሄዱ ጊዜ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ።

«የላላውን ችንጋ ተሸክሞ ከርሟል» አሉ። «አሁን እኔ አዲስ ወጥሬ ጫንኩበት፤ ነክሶ ችንጋውን ይበጥሰዋል። ሞተር ሳይክልህን አስነሣ።»

ለሰይድ ደወልን፤ አይነሣም። ደግመን ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። መፍቻቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ከስድሳ ዓመት ያለፉ ሰው ናቸው፤ ሞተር ሳይክል ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ሲሪንቃን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። ችንጋው ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሞተሩ እዚያው ቀጥ ይላል፣ ፍሬኑ ይደድራል፣ መኪናው ዳገት ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የድልብ መንገድ ኋላው ገደል ነው። የጋሽ እንድሪስ ከንፈር አንገቴ ሥር ዱአ ያደርጋል። አንዴ ብቻ «ፍጠን» አሉኝ።

ወልዲያ መውጫ ላይ ስንጠይቅ እነ ሰይድ ዘመዶች ለመጫን ቆመው አሁን ገና እንዳለፉ ነገሩን። ዳገቱን ተያያዝነው። በየመታጠፊያው ወደ ገደሉ አያለሁ። ነጭ ነገር ሁሉ ሚኒባስ ይመስለኛል፤ አንድ የተሰጣ አንሶላ አይቼ ሞተር ሳይክሉን ልገለብጠው ነበር። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ ከፊታችን አየናት፤ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ለኛ እንኳ ይደርሳል።

አልፈናት ወጣን። ሞተር ሳይክሉ ሳይቆም ጋሽ እንድሪስ ዘለው ወረዱና ቆባቸውን እያውለበለቡ መንገዱ መሃል ቆሙ። ሰይድ ቆመ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባሁ። ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን በመስኮት አስገብተው የሚኒባሷን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው መክተት ነበር።

የላይኛውን ክዳን ፈቱ። ኩሽኔታው ግሎ ወይን ጠጅ መልክ ይዟል። የአዲሱ ችንጋ ጠርዝ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተልትሏል፤ የቀረው ከግማሽ አይበልጥም። ሰይድ አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እትዬ ዘውዴ ግን ይህን ለማየት የምትችል አልነበረችም። «ቁልፉን ስጡት! ዳገቱ ሊያልቅ ነው! አባቴን ሊቀብሩት ነው!»

«አልሰጥም ልጄ።»

«ደህና ነው ያላችሁት እናንተ! በጆሮህ ሰምተህ ደህና ነው አላልክም?» አንቱታው ከአፏ ወደቀ።

የተጫነው ሰው ሁሉ ከቧቸዋል። አንዱ ጎልማሳ ኮሌታቸውን ጨብጧል። እኔ ወደፊት መጣሁ። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ እንድሪስ በሰዉ ትከሻ ላይ አዩኝና «አንተ ውሃ ፈልግ!» ብለው ጮኹብኝ። በዘጠኝ ዓመት የጮኹብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደሷ ዞሩ።

«እውነትሽን ነው። ጆሮዬ ሳተ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

እኔም ውሃ ፍለጋ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ።

የሞተር ሳይክሌም ቤንዚን ዳገቱ ላይ አልቆ ነበር፤ የሚያልፍ የጭነት መኪና እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እትዬ ዘውዴ ስትደርስ አባቷ ተቀብረዋል። ሁሉም በሕይወት ወደ መርሳ ተመለሱ፤ በዚህ ደስ ያለው ሰው ግን አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች። ሰዉ ሁሉ እየሰማ «ጆሮህን አፈር ይድፈነው! የአባቴን ፊት እንደከለከልከኝ የምትወደውን ፊት ይከልክልህ!» አለች። ጋሽ እንድሪስ ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ሰሟት። እስክትጨርስ ቀና አላሉም።

ማታ ጋራዡን ስንዘጋ «ጋሼ፣ ያን ለት ለምን እንድናገር አልተዉኝም?» አልኳቸው።

«የዚያን ለት ብትናገር ኖሮ ገደል ይወረውሩህ ነበር። ለተቆጣ ሰው አንድ ጥፋተኛ ይበቃዋል።»

«ዛሬስ? ዛሬ ልናገር?»

በሩን ቆልፈው ጨረሱ። «እሱን እኔ አላዝህም» አሉ። «ከጠረጴዛዬ የተነሣ ሁሉ የኔ ነው። ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

ቢያዙኝ እናገር ነበር፤ ስላላዘዙኝ ግን ዝም ማለት ቀለለኝ። ወሬው ሲሪንቃም ሐራም ደረሰ። ደንበኛው ቀስ በቀስ ወልዲያ መሄድ ጀመረ። የቀሩትም ኩሽኔታውን አስረክበው «ኧረ ጋሽ እንድሪስ፣ ሌላ ሰው ይስማልን» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ፤ «ደንቆሮ ነኝ፣ ሁሉንም አብረን እንቀይረው» ይላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ኩሽኔታ ጆሯቸው ሥር ይዘው አይቻቸው አላውቅም። ችንጋ ከተነሣ አብሮት የሚሽከረከረው ሁሉ ይነሣል፤ ዕቃው ካልተገኘ ንጉሥም ቢሞት መኪናው አይወጣም። ትክክል ነበሩ። ግን ያ ዓይናቸውን ጨፍነው ግቢውን ጸጥ የሚያሰኙበት ነገር ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምሳ እየበላሁ።

መርሳ ስደርስ ጀናዛው ገና አልወጣም። ግቢው እስከ መንገድ ሞልቷል። ቃሬዛው ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ሸሁ ፊት ለፊት ቆመው እንደ ደንቡ ጠየቁ፤ «ሐቅ ያለው ይናገር። የበደሉት ካለ አፉ ይበላቸው፣ ከልቡ ይቅር ይበላቸው።»

«አፉ ብለናል!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

«እኔ አላልኩም» አለች አንዲት ሴት ከበሩ ጥግ። እትዬ ዘውዴ ናት። ጥቁር ለብሳለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለቅሶ ደርሼ መዋሸት አልችልም። ሳልደርስ አባቴን አስቀበሩብኝ። ልቤ እምቢ አለኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሸሁ እጃቸውን አነሡ። ሰዉን ገፍቼ ወጣሁ። ቃሬዛው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መርፌውን፣ ናፍጣውን፣ ቀዩን ግሪስ፣ «ዝም ብሏል ጋሼ» ያልኩትን፣ ውሃ ፍለጋ መሄዴን። «ጆሯቸው አልሳተም» አልኩ። «ጠርጥረው ነበር። የዋሸኋቸው እኔ ነኝ። እትዬ ዘውዴ፣ የረገምሽው ሰው እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ።»

ሰይድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ዘውዴ ወደኔ መጣች፤ ሰዉ መንገድ ከፈተላት። እርግማኑ ሁሉ አሁን እኔ ላይ እንደሚወርድ አውቄ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን አላየችኝም። አልፋኝ ሄዳ ቃሬዛው ሥር በጉልበቷ ወደቀችና የተከናነቡበትን ጨርቅ ጫፍ ያዘች።

«በየጧቱ ነው የረገምኳቸው» አለች፤ «ሦስት ዓመት፣ ስነሣ ከጸሎቴ በፊት።» ከዚያ ቀና ብላ ሸሁን አየቻቸው።

«አሁን እኔን ማን አፉ ይበለኝ?»